የማደጎ ልጅ አይደበቅም

(ደሴ ውስጥ ልጅ ላልወለዱ ባልና ሚስቶች በተዘጋጀ ውይይት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ጭጋግ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁም እንዳላችሁ ነግረውኛል። የጦሳ ተራራን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መዋል ይሻለው ነበር።

እዚህ ቆሜ ሳያችሁ የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው። አብዛኛችሁ የተቀመጣችሁት ከበሩ አጠገብ ነው። ይገባኛል። እኔም ያኔ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ቢኖር ኖሮ ነጠላዬን ተከናንቤ ከበሩ ሥር ነበር የምቀመጠው። የሚያውቀኝ ሰው ከገባ ቶሎ ብዬ ለመውጣት።

ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

በተጋባን በስምንተኛው ዓመት ነው። ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቻለሁ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሰባት ስምንት ሴቶች ነን። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒው እጄ ላይ ነው። አንዷ ዞር አለችና «አንቺ ምነው ዝም አልሽ? እኛ እኮ ሦስተኛ ጨመርን» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ሌላዋ እኔን ለማዳን ብላ «ተያት እስቲ፣ ፈጣሪ ያላለውን ምን ታድርግ» አለቻት። ይሄ ደግሞ የባሰ ወጋኝ። ሁሉም ሲኒው ውስጥ ማየት ጀመረ። እኔም ሲኒዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ቶናውንም በረካውንም ሳልጠጣ ወጣሁ። እኛ አገር በረካ ሳይጠጡ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ቡና ሲጠሩኝ «አሞኛል» እል ነበር።

ያልሞከርነው የለም። ግሸን ማርያም ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። መስከረም 21 ቀን፣ በዚያ የአምባሰል ዳገት፣ በእግሬ። ስለት ተስያለሁ። ሐጅ ደርሰው የመጡት ጎረቤታችን ደግሞ ወደ ሙስሊሞቹ የዱዓ ሥፍራ ወደ ጀማ ንጉሥ ሲሄዱ ስሜን ይዘው ሄደው ዱዓ አስደርገውልኛል። «አብሽሪ» ይሉኝ ነበር፤ «አላህ ያውቃል»። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ወሎ ላይ ይሄ አያስገርምም። የሁለታችንም ጸሎት ግን እኛ በፈለግነው መንገድ አልተመለሰም።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልናገርም፤ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እየሞከራችሁ ካልተፀነሰ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሁለታችሁም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከችግሩ ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ እኛ ጋ ግን ሴቷ ብቻዋን ናት ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው የምትንከራተተው። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች 1ዱ በዕድሜው በሆነ ወቅት ይህ ችግር ያጋጥመዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ከተማው ውስጥ ካሉት ጥቂቶቹ ነን። ሌሎቹ ቤታቸው ሆነው «አሞኛል» እያሉ ነው።

አንድ የጤና ባለሙያ ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «እርስዎ መካን ነዎት» ብሎኛል። ቃሉን አሁንም ስጠራው ጉሮሮዬ ይደርቃል። እባካችሁ ይህን ቃል በሰው ላይ አትጠቀሙበት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ወስደን እናሳድግ ብለን ስንወስን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ልጁ አልነበረም። እንዴት እንደምንደብቀው ነበር። አንድ ዘመዳችን ምክር ሰጠን። «አንቺ ለዓመት ያህል አዲስ አበባ ሂጂ። ሆድሽ ላይ ጨርቅ ታስሪና በፎቶ ታሳዪናለሽ። ከዚያ ሕፃን ይዘሽ ትመጫለሽ። ማን ያውቃል?» አለችን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎን ነበር። ባለቤቴ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ጀምሮ ነበር። እኔም ለየትኛው ዘመድ ምን እንደምል በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ያዳነችን አክስቴ ናት። ከደላንታ ነው የመጣችው። ትምህርት ቤት በር አላየችም። ዕቅዳችንን በሹክሹክታ ስነግራት ፊቷ ተለወጠና፣ «ሰርቃችሁ ነው እንዴ የምታመጡት?» አለችኝ። «በጨለማ ይዞ የሚገባ ሌባ ነው። ልጅ የሚያመጣ ሰው ጎረቤት ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ ነው። በኛ ጊዜ ማሩ በሰው ፊት ነበር።»

ማሩ ያለችው የጡት ልጅን ሥርዓት ነው። ከመካከላችሁ ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ። አሳዳጊው ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያያሉ፤ ቃል ይገባል፤ ይመረቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ የጡት ልጅ፣ አሳዳጊው የጡት አባት ይባላል። ትልቅ ሰው እንኳ የሌላ ሰው የጡት ልጅ ሆኖ ያውቃል። ልብ በሉ፤ ልጁ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከማን እንደተወለደም፣ ማን እንዳሳደገውም። ስሙ ራሱ ይናገራል። የኦሮሞ ወገኖቻችን ጉዲፈቻም እንደዚሁ ነው። ሕጋችን ቃሉን ከእነሱ ነው የወሰደው።

ስለዚህ መደበቅ የአባቶቻችን ባህል አይደለም። እኛ ነን ያመጣነው። ሀፍረት ነው ያመጣው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ሃይማኖታችሁም ከዚህ ወገን ነው። በእስልምና የቲምን፣ አባቱ የሞተበትን ልጅ፣ ማሳደግ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ነቢያችሁ ራሳቸው የቲም ሆነው ነው ያደጉት፤ ሐሊማ የምትባል ሴት ናት ያጠባቻቸው። የቲምን የሚያሳድግ ሰው ጀነት ውስጥ ከሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣት እንደሚቀራረብም ተናግረዋል። ሱረቱል አሕዛብ የሚባለው የቁርአን ምዕራፍ ደግሞ ልጆችን በወላጅ አባቶቻቸው ስም ጥሩ ይላል። አንዳንድ ሙስሊም ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ማሳደግ አይፈቀድም ማለት ነው» ብለው ይተዉታል። እኔ የጠየቅኋቸው ዓሊም፣ የእስልምና ሊቅ፣ ግን እንዲህ አሉኝ። የተከለከለው ዘሩን መደበቅ ነው፤ ማሳደጉ ግን የሚወደድ ነው። ስሙ የአባቱ ይሁን፣ ቤቱ የእናንተ ይሁን። ውርስ ባይኖረውም በሕይወት ሳላችሁ መስጠት ትችላላችሁ፣ እስከ ንብረታችሁ ሲሶ ድረስም ልትናዘዙለት ትችላላችሁ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የማጥባት ጉዳይ አለ፤ እህታችሁ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ ብታጠባው ዝምድናው ሌላ ይሆናል። ዝርዝሩን የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ። ለእኔ ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። አክስቴ በማር የተናገረችውን ዓሊሙ በቁርአን አያ ተናገሩት።

እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ሙሴን እናውቃለን። የፈርዖን ልጅ ከወንዝ አውጥታ አሳደገችው። ያጠባችው ግን የወለደችው እናቱ ነበረች። አድጎም ወገኖቹ እነማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። አስቴርን ያሳደጋት መርዶክዮስ የአጎቷ ልጅ ነው። እሷም ወገኖቿ እነማን እንደሆኑ ታውቅ ነበር።

ሕጉስ? በክልላችን በአማራ ያለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የፌደራሉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የፌደራሉን ሳነበው አንድ አንቀጽ ላይ ቆምኩ። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። የግድ መምረጥ ሲመጣ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ሕጉ የልጄን የድሮ ቤት ዘግቶ ለእኔ ብቻ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ሕጉም ቢሆን በሩን አልዘጋውም።

ሌላም አለ። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ለባልና ሚስት አንዳቸው ከሞላቸው ይበቃል። ባለትዳር ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ፈርማችሁ አይሆንም፤ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ፍርድ ቤቱ የእናንተን አቅም ያያል፣ የልጁንም ሐሳብ ይሰማል። ከዚያ በፊት ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መጥተው ቤታችሁን ያያሉ፣ ይጠይቋችኋል። እኛ ጋ የመጣችው ሠራተኛ ወጥ ቤቱን ሳይቀር አይታለች። ልጃችን የት እንደምትተኛ ጠየቀችን። ትንሽ ተከፍቼ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ ልጄን ሳያይ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ነው መፍራት የነበረብኝ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ የማውቀውን ቤት ልንገራችሁ። ሰውየው የእህቱን ልጅ ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ አሳደገው። ልጁም «አባዬ» ይለው ነበር። ሰውየው ሞተ። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ መጡና «አንተ ማን ነህ?» አሉት። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ወረቀት አልነበረም። ሃያ ዓመት የኖረበትን ቤት ቁልፍ አስረክቦ ወጣ። ሰውየው ልጁን አልወደደውም ለማለት አይደለም። «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ልጄ ነው» ይል ነበር። በዚያው ሞት ቀደመው።

እንዲሁም ከሆስፒታል በር ላይ፣ «አንዲት ልጅ ወልዳ መያዝ አልቻለችም» ተብሎ በደላላ የሚሰጥ ሕፃን ካለ አትንኩ። ያ ጉዲፈቻ አይደለም። የዚያች እናት ዕንባ በቤታችሁ ውስጥ ይቀመጣል።

የውጭ ጉዲፈቻን ታስታውሳላችሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ከአገር ወጥተዋል፤ በ2010 በሕግ ተከለከለ። ከነዚያ መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ «ወላጅ የላቸውም» ተብለው የሄዱ ነበሩ። እናቶቹ ምን ብለው ነው የሰጡት? ልጄ ሄዶ ይማራል፣ አንድ ቀን ይመጣል፣ ይጽፍልኛል ብለው ነው። እነሱ ያሰቡት የጡት ልጅን ነው። በሩ የማይዘጋውን። የተፈረመው ወረቀት ግን ሌላ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል።

አሁን እንደዚያ ወደ ውጭ ይሄዱ የነበሩ ዓይነት ልጆች የት ናቸው? እዚሁ ናቸው። ማሳደጊያ ውስጥ፣ አያት ቤት፣ መናኸሪያ። 1966ን እና 1977ን ያለፈ አገር ነው አገራችን። በየቤታችን አንድ «ከረሃቡ ጊዜ የመጣ» ሰው አለ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ያውቃል። በ2014ም በጦርነቱ ከተማችን ተይዛ፣ ሰው እግሩ ወዳመራው ሲሸሽ፣ ከወላጁ የጠፋ ልጅ ስንት ነበር።

ስለ ወይዘሮ አበበች ጎበና ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያውቃቸው። ነገሩ የጀመረው ግን እዚህ ወሎ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እሳቸውም እንደ እኔ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ መጡ። ረሃብ ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ያንን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ተመለሱ። በኋላም ሌላ ሌላም እያመጡ ቤታቸው በልጅ ሞላ። ቤተሰቡ ሲቃወም የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 እስካረፉ ድረስ ስንቱን አሳደጉ። እኔ ሦስት ጊዜ ግሸን ወጥቼ ልጅ ስጪኝ ብዬ ለምኜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። እሳቸው በዚያው መንገድ ሄደው ልጅ ታቅፈው ተመለሱ። ስለሳቸው ስሰማ ያን መንገድ እንደ አዲስ አየሁት። እኔም በዚያ መንገድ ላይ ስንት ልጅ አልፌ ሄጄ ይሆን?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። የምትቀየሙኝ ካላችሁ ይቅርታ።

«ልጅ ወስጄ አሳድጋለሁ» የሚለው ቃል እኛ አገር ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የምናወራበት ነው። ሌላው ደግሞ ከገጠር ዘመድ «ላስተምርልህ» ተብላ የምትመጣው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ተነስታ እሳት ታያይዛለች። ውሃ ትቀዳለች። ሕፃን ታዝላለች። ትምህርቷ የማታ ነው፣ እሱም ካልደከማት። ሰው ሲጠይቅ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይባላል። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ እጇ የተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ፔሬድ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ሳይ ሳልጠይቃት አውቃታለሁ።

ሕጉ ይህንንም ያውቃል። ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ አይሻርም፤ ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ፍርድ ቤት ይሽረዋል። እንዲያ ተብሎ መጻፉ ራሱ ያስለቅሰኛል። መጻፍ አስፈልጎ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። የምንፈልገው ልጅ ነው ወይስ እጅ? ወይስ የጎረቤት አፍ የሚያዘጋልን ሰው? ሦስተኛው የእኔ ነበር። አምናለሁ። ልጅ ብፈልግም፣ ከልጁ በላይ ያንን የቡና ሰዓት ማሸነፍ ነበር የፈለግሁት። አንድ ሕፃን እንዲህ ያለ ሸክም መሸከም አይችልም። መጀመሪያ ያልወለድኩትን ልጅ ማልቀስ ነበረብኝ። አለቀስኩም። ባለቤቴም አለቀሰ። ያን ጊዜ ነው ፎርሙን የሞላነው።

ስለ አደራ ቤተሰብም ጠይቃችሁኛል። ፎስተር የሚሉት ማለት ነው። ልጁ የእናንተ አይሆንም፤ ለጊዜው ትይዙታላችሁ። እናቱ ታማ ሊሆን ይችላል፣ አባቱ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ተፈናቅለው ሊሆን ይችላል። ሲሻላቸው ይመለሳል። እኛ አገር በመደበኛነት ብዙም አልተለመደም፤ በዘመድ ግን ሁሌም ስናደርገው ኖረናል። አደራ የሚለውን ቃል የማያውቅ ወሎዬ የለም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ልጅ አጥቶ ልቡ የደማ ሰው አደራውን ሲመልስ እንደገና ይደማል። ለሱ የተዘጋጀ ይግባበት። አንዲት ወዳጄ ሦስት ልጆች በየተራ ይዛ መልሳለች። ሁለቱ ዓመት በዓል ሲመጣ ይጠይቋታል። ሦስተኛው ጠፍቶባታል። እስከ ዛሬ የልደቱን ቀን ታስታውሳለች። እሷ አይቆጨኝም ትላለች። እኔ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩ የእሷ ነው። ይህን ያህል እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ስትመጣ 1 ዓመት ከ4 ወር ነበረች። እናቷ በወሊድ ጊዜ አርፋለች። አያቷ ደክመው ነበር፤ ፈቅደው ነው ለማሳደጊያው የሰጧት። ፍርድ ቤት ባጸደቀው ማግስት አክስቴ ማር ይዛ ከደላንታ መጣች። ጎረቤት ጠራን። ያን ቀን ቡና የጠራሁት እኔ ነኝ። ያቺ «ምነው ዝም አልሽ» ያለችኝ ሴትም መጣች። አክስቴ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክራ ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጣቴን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች። ሁለት ጥርስ ከታች አላት። ነከሰችኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጅዋ ጎረቤታችን መረቁ፤ ቄሱም መረቁ።

ከዚያ ጀምሮ በየማታው እነግራት ነበር። ገና ሳይገባት። «አንዲት እናት ወለደችሽ። እግዜር ወሰዳት። ሌላ እናት ደግሞ ማር ይዛ ትጠብቅሽ ነበር።» እንደ ተረት ነው የነገርኳት። እንደ ተረትም «ድገሚልኝ» ትለኝ ነበር። ብዙ ሰው «ስታድግ ትነግሯታላችሁ» ይላል። ስታድግ ማለት መቼ ነው? በአሥር ዓመቷ? በሠርጓ ቀን? ያኔ የሚነገራት ነገር ታሪክ አይሆንም፣ ድንጋጤ ይሆናል። ከእኛ ቀድሞ ደግሞ ሌላ ሰው ይነግራታል። ይሄ የማይቀር ነው።

ቀርቶም አያውቅም። ስድስት ዓመቷ ላይ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። «እናትሽ እናትሽ አይደለችም አሉኝ» አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። «አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት። «ማሩን ነገርኳቸው» አለች። «ከዚያስ?» «አንዷ ልጅ ‹እኔ ማር አልተሰጠኝም› ብላ አለቀሰች።»

ቦርሳዋን አወረድኩላት፤ መክሰሷን ሰጠኋት። እሷ ልትጫወት ወጣች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ሄጄ ሆዴ ላይ ጨርቅ አስሬ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን ልጄ በሩ ላይ ቆማ ምን ትለኝ ነበር?

ሁሉም ነገር ማር ነበር እያልኳችሁ አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ በአንድ ነገር ተቆጣኋትና «አንቺ ወላጄ አይደለሽም» ብላኛለች። የወለዱም እናቶች ሌላ ዓይነት ይባላሉ ብለው አጽናኑኝ። ግን ያማል። ያን ቀን አልመለስኩላትም። ሲመሽ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አያቴን ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ባለቤቴ ፈራ። «እዚያው ትቀርብናለች» አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሄድን። ገጠር ነው፤ ከመኪና ወርደን ሁለት ሰዓት በእግር። አያቷ ዓይናቸው ደክሟል። በእጃቸው ነው ያዩአት። ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ ጆሮዋን ዳሰሱ። ጆሮዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «ይሄ የእናቷ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ ቆዩ። ከዚያ ፀጉሯን ነካ ነካ አድርገው «ማን ነው የሚሠራት?» አሉ። «እኔ ነኝ እማማ» አልኳቸው። «ጥሩ አርገሽ ነው የጎነጎንሻት» አሉኝ።

ቅቤ አስመጡ። የልጄን ራስ ቀቡ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና «ቀረብ በይ» አሉኝ። ሻሼን አወለቅኩ። የእኔንም ራስ ቀቡኝ። እንደ ሙሽራ፣ እንደ አራስ። ማንም አራስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ስንመለስ ፀሐዩ ጠንክሮ ቅቤው በአንገቴ ይወርድ ነበር። ልጄ በነጠላዬ ጫፍ እየጠረገችልኝ ነው መኪና ያገኘነው።

አሁን በየዓመቱ ለዓመት በዓል ትሄዳለች። ስኳርና ቡና ይዛ። አያቷ ደግሞ ቅቤና ሽምብራ ይልኩልናል።

እዚህ ላይ ላቁም። ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው መጥቷል። ጥያቄ በአፉ መጠየቅ የከበደው በወረቀት ይጻፍ፤ ስም አያስፈልግም። ማመልከቻ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ባልና ሚስቶች ጋር ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ፤ አብራችሁኝ መምጣት ትችላላችሁ። እኔ እዚሁ ነኝ። በረካው እስኪጠጣ አልሄድም።